አጥብቄ ያጠበቀው ብሎን

ሰፈሩ «አጥብቄ» ነበር የሚለው። ቧንቧ ሠራተኛ ነው። በሥራው ማንም አያማውም፤ እሱ የነካው ቧንቧ ዳግመኛ አያንጠባጥብም። ችግሩ ዳግመኛ አለመከፈቱ ነው። አንድ ቤት ቧንቧ ጠግኖ ከወጣ በኋላ የቤቱ እመቤት እጇን ለመታጠብ ባሏ ከሥራ እስኪመለስ ጠበቀች እየተባለ እስከ ዛሬ ይሳቅበታል። «ኧረ ሲያጠብቁት ይበጠሳል!» ሲሉት፣ «እሱ የተባለው ለገመድ ነው፤ የእኔ ሥራ ከብረት ጋር ነው» ብሎ ይመልሳል።

ቤቱም ውስጥ ያው ነው። የማር ጠርሙስ ይሁን የመድኃኒት ብልቃጥ፣ እሱ ከዘጋው እሱ ካልመጣ አይከፈትም። ሚስቱ ክዳኑን በጨርቅ ይዛ፣ በሙቅ ውሃ ነክራ፣ በቢላ ጀርባ መትታ ሲያቅታት ጠርሙሱን እንደ ሕፃን አቅፋ በር ላይ ትጠብቀዋለች። «ና ክፈት፤ ያገባሁህ ለዚህ ነው» ትለዋለች። እሱም በአንድ ጥምዘዛ ይከፍትላታል፤ ማሯን ጨልፋ ሳትጨርስ ደግሞ ያንኑ ያህል አጥብቆ ይዘጋዋል።

እሷን «መርፌ» ይሏታል። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ነው የሚል አለ፤ ቀጭን ስለሆነች ነው የሚልም አለ። የሚያውቋት ግን በምላሷ ነው ይላሉ። «እሷ ትወጋለች፣ እሱ ያጠብቃል፤ ይሄ ትዳር በምን ይላላል?» ይባል ነበር በጎረቤት። እውነትም አልላላም።

አንድ ቀን ጠዋት አጥብቄ የመሣሪያ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ ከበሩ ሊወጣ ሲል ቆመ። መርፌ የረሳው ነገር ያለ መስሏት «ምን ረሳህ?» አለችው። ዞሮ ሊመልስላት አፉን ከፈተ፤ ቃሉ ግን አልወጣም። ቦርሳው ከትከሻው ተንሸራቶ ወደቀ። እሱም ግድግዳውን ተደግፎ ቀስ ብሎ እላዩ ላይ ተቀመጠ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው አሉ።

ነፍሱ ተረፈች። ቀኝ እጁና ቀኝ እግሩ ግን አልመለስ አሉ። ከቃላቱም ሁሉ የተረፈው አንድ ብቻ ነው፤ «እንግዲህ»። ሲርበው «እንግዲህ»፣ እንግዳ ሲመጣ «እንግዲህ»፣ ዜናው ሲያናድደው «እንግዲህ!»፣ ልጁን ስሞ ሲሸኝ «እንግዲህ...»። ጎረቤቱ መጀመሪያ ላይ ግራ ይጋባ ነበር። መርፌ ግን ለየቻቸው። ለሌላው ሰው ነጭ ክር ሁሉ ነጭ ነው፤ ዕድሜዋን ክር ስትመርጥ የኖረች ሴት ግን ነጭ ከነጭ እንደሚለይ ታውቃለች። ውሃ የሚጠይቀውን «እንግዲህ» ትራስ ከሚጠይቀው ለይታ ታውቅ ነበር።

ከምትሠራበት የልብስ ስፌት ድርጅት ለቃ ስፌት መኪናዋን ወደ ቤት አስገባች። እሱ መስኮቱ ሥር ከወንበሩ፣ እሷ ከመኪናዋ፣ ቀኑን ሙሉ ፊት ለፊት ይውላሉ። በሁለቱ መሃል፣ መተላለፊያው ግድግዳ ላይ፣ በአሮጌ አንሶላ የተሸፈነ ነገር ተደግፎ ነበር። የመርፌ ሳይክል ነው።

ሳይክሉን የገጣጠመላት እሱ ነው፤ ከሦስት ወዳቂ ሳይክሎች የተሻለ የተሻለውን ነቅሎ። መንዳትም ያስተማራት እሱ ነው፤ ትልቅ ሴት ሆና፣ ልጇ ከኋላ ቀሚሷን ይዛ እየሳቀች። እሁድ እሁድ ጠዋት ሁለቱ ተከታትለው ይወጣሉ። ከሰፈሩ ወጥተው፣ በእንጨት መጋዘኖቹ አልፈው፣ ከከተማው ዳር ያለው ወንዝ ድልድይ ላይ ይደርሳሉ። እሱ ሁልጊዜ ከኋላዋ ነው የሚነዳው። «ለምን አትቀድምም? ወንድ አይደለህ?» ስትለው፣ «ከኋላ ሆኜ ነው ሰንሰለትሽን የምሰማው» ይላል። የሆነ ድምፅ ከሰማ ድልድዩ ላይ ቁጭ ብሎ ይፈታታዋል፤ ያስተካክላል፤ ያጠብቃል። ከዚያ ዳቦ ቆርሰው በልተው ይመለሳሉ። ያ ነበር እሁዳቸው።

መርፌ በዚያ አንሶላ አጠገብ በቀን ስንቴ እንደምታልፍ አታውቅም። መተላለፊያው ጠባብ ስለሆነ ጎኗን አዙራ ነው የምታልፈው፤ አንዳንዴም መሪው ቀሚሷን ይይዛታል። ያን ጊዜ ቆም ትላለች። የሄደ ሰው ሲናፍቅ ለሰው ይነገራል፤ «ናፈቀኝ» ቢሉ የሚታዘንበት እንጂ የሚታፈርበት አይደለም። አጠገብ የተቀመጠ ሰው ሲናፍቅስ ለማን ይባላል? እሷ የናፈቃት ያ ከኋላዋ የሚነዳው ሰውዬ ነበር። እሱ ደግሞ ይኸው፣ ፊቱን አጥባው፣ ፀጉሩን አበጥራለት፣ መስኮት ሥር ተቀምጧል። ነገሩ ነውር ስለመሰላት በሆዷ ያዘችው።

ልጃቸው ግን እናቷን ታውቃለች። «እማዬ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ከአባዬ ጋር እሆናለሁ። አንቺ ወጣ በዪ» አለቻት።

«የት ልሂድ?»

«የትም። ንፋስ ይንካሽ።»

 ልጅቷ ከሄደች በኋላ መርፌ አንሶላውን ገለጠች። አቧራውን ጠረገች፣ ጎማውን ነፋች፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባች። ከደጅ አውጥታ ጥቂት ስትነዳው ከእግሯ ሥር ቋ፣ ቋ የሚል ድምፅ ሰማች። ወርዳ ፔዳሉን የያዘውን ክንድ ስትነቀንቀው ግራና ቀኝ ይዋልላል።

መንገዱ ጫፍ ያለው ሳይክል ጠጋኝ ጎንበስ ብሎ አየላት። «ውስጡ ያለው ኩሽኔታ አልቋል እትዬ። እሱን ለመቀየር ሁለቱም ክንዶች መውጣት አለባቸው» አላትና መፍቻውን ብሎኑ ላይ ሰካ። ታገለ። ፊቱ ደም መሰለ። አረፍ ብሎ እንደገና ታገለ። «ይሄን ብሎን ያጠበቀው ሰው ማነው? ከሳይክሉ ጋር ጠብ ነበረው እንዴ?»

«ባሌ ነው።»

«ይቅርታ እትዬ!»

መርፌ ሳቀች። እንዲያ ከሳቀች ቆይታ ነበር። ጠጋኙ ግን የብረት መቁረጫውን አነሳ። «ነክሷል፣ ዝጓልም። ክንዱን ቆርጠን እንጣለውና ሌላ ይገባል።»

«ተው፣ አይቆረጥም» አለች ሳቋን አቁማ።  መሪውን ይዛ ሳይክሉን ወደ ቤት ገፋችው።

ቤት ገብታ መተላለፊያው ላይ ላስቲክ አነጠፈች። የባሏን የመሣሪያ ቦርሳ ከአልጋ ሥር ጎትታ አወጣች። ያን ዕለት ጠዋት ከወደቀ ወዲህ አልተከፈተም። ስትከፍተው የዘይት፣ የጎማና የሳሙና ሽታ ተነሣ፤ ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ የሚሸተው ሽታ። ፊቷን ወደ ቦርሳው አስጠግታ ቆየች። ቀና ስትል ከወንበሩ እያያት ነበር።

«እንግዲህ» አለ በቀስታ።

«ዝም ብለህ እይ። ጥፋተኛው አንተ ነህ» አለችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በስፌት መሃል እየተነሣች ከብሎኖቹ ጋር ትታገላለች። ማታ ብሎኑ ዙሪያ የፍሬን ዘይት ጠብ ታደርጋለች፤ ዘይቱ ዝገቱ ውስጥ ቀስ እያለ እንዲገባ። ጠዋት የብሎኑን ራስ በመዶሻ ቀለል አድርጋ ታንኳኳለች፤ ዝገቱ እንዲነቃነቅ። በፈላ ውሃ የተነከረ ጨርቅ ክንዱ ላይ ትጠቀልላለች፤ ብረቱ ሞቆ እንዲለጠጥ። ይህን ሁሉ ባሏ በቧንቧ ላይ ሲያደርግ አይታለች። በቀኝ በኩል ያለው ብሎን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳታስበው እሺ አለ። ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም፤ የግራው ጭራሽ ደረቀ። መፍቻው አምልጧት የጣቷ ቆዳ ተላጠ። ጎረቤቷ በበሩ አንገቷን አስግጋ፣ «አይዞሽ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለቻት።

«እንቁላሉማ ሄዶ አሁን ዶሮ ሆኗል» አለች መርፌ ጣቷን እየመጠጠች። «ይሄ ነው ያልተንቀሳቀሰው!»

ቅዳሜ ልጅቷ ከባሏ ጋር መጣች። አማቹ የአውቶብስ ሾፌር ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ልቡም ያው። የአማቱ ጣት ተላልጦ ሲያይ እጅጌውን ሰበሰበ።

«እማማ፣ ለዚህ ነው የሚደክሙት? የግራ ጎን እኮ በተቃራኒው ነው የሚፈታው። ሳይክል ሁሉ እንደዚያ ነው።» ከአጥብቄ ቧንቧዎች አንዱን ወስዶ መፍቻው እጀታ ላይ አጠለቀ፤ እጀታው ሲረዝም ጉልበት ይጨምራል። ወደ ኋለኛው ጎማ አዙሮ በሙሉ ክብደቱ ወደ ታች ተጫነ። ብረቱ ሲጥ አለ። «ይኸው! ተንቀሳቀሰ!»

«እንግዲህ!»

ሁሉም ዞሩ። አጥብቄ የወንበሩን ክንድ በግራ እጁ ይመታል። «እንግዲህ! እንግዲህ!» ፊቱ ቀልቷል፣ የአንገቱ ሥር ተገትሯል። ከጎኑ የነበረው ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ።

ልጅቷ ሮጣ አቀፈችው። «አባዬ፣ አይዞህ፣ አይዞህ... ሳይክሉ እንዲነካ አልፈለገም፤ ተዉት፣ ተዉት!»

አማቹ መፍቻውን እንደ ጋለ ብረት ለቀቀው። መርፌ የብርጭቆውን ስባሪ ለቀመች። ከዚያ አንሶላውን መልሳ ሳይክሉ ላይ አለበሰችው።

እንዳልሄድበት ፈልጎ ነው፤ የገባት ይሄ ነበር። እሱ ታስሮ ሲቀር እሷ እየነዳች ልትወጣ መሆኑ አንገብግቦት ነው። ይፈረድበታል? አይፈረድበትም።  ሁለቱ ወጣቶች ከሄዱ በኋላ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ አንዱን እጅጌ ሁለቴ አጣማ ሰፋች፣ ሁለቴ ተረተረችው። በመጨረሻ መርገጫውን ትታ ዞረች።

«ልሄድብህ አይደለም» አለችው። «ድልድዩ ጋ ደርሼ ልመለስ ነው። አንተን ጥዬ ደስ ሊለኝ መስሎሃል? አንተ ስለናፈቅኸኝ ነው። እዚህ ተቀምጠህ ትናፍቀኛለህ፤ ምን ላድርግ? እዚያ መንገድ ላይ ብሄድ የሆነ ቦታ የማገኝህ መስሎኝ ነው።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ከአፏ ወጣ። ያለችው ነገር ራሷን አስደነገጣት።

አጥብቄ አያት። ዓይኑን እንባ ሞላው። ቀጥሎ ራሱን ነቀነቀ፤ አይደለም በሚል። «እንግዲህ» አለ። ይሄኛውን «እንግዲህ» አታውቀውም። ከዚህ በፊት ሰምታው አታውቅም።

«ምን? ውሃ?»

ራሱን ነቀነቀ። ግራ እጁን ዘርግቶ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የሻይ ፔርሙስ አመለከተ። ስትሰጠው ጉልበቶቹ መሃል ሸጎጠው። ክዳኑን ይዞ አጥብቆ ዘጋው፤ ከዚያም ወደ ሳይክሉ እያየ ፊቱን አጨማደደ። «እንግዲህ!» የቅድሙ ቁጣ። ቀጥሎ ክዳኑን ወደ ሌላው ጎን አዞረው፤ ፈታው፤ ከፍ አድርጎ አሳያት፤ እንደገናም ሳይክሉን አመለከተ።

መርፌ ክዳኑን አየች፤ አንሶላውን አየች። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እያጠበቀው ነበር? ልጁ እያጠበቀው ነበር?»

«እንግዲህ!» አለ አጥብቄ፤ ተንፍሶ ወደ ኋላ ተደገፈ። ይህንን ማንም ይተረጉመዋል።

ያን ጊዜ ነው ትዝ ያላት። ድልድዩ ላይ አንድ እሁድ፣ አፉ ዳቦ እንደሞላ ነግሯት ነበር፤ ግራና ቀኝ የሚለያየው ፔዳሉ ነው፤ ክንዱን የያዘው ብሎን ግን በሁለቱም ጎን የሚፈታው እንደ ማንኛውም ክዳን ነው። እሷ ወንዙን እያየች «እሺ» ብላው ነበር። አማቹም አልዋሸም፤ ስለ ፔዳሉ የሰማውን ነው ለብሎኑ የሰጠው። በአጥብቄ ላይ ሌላ አጥብቄ ተደረበበት እንጂ።

አንሶላውን ገፈፈችው። ሳይክሉን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ክንዱ አብሮ እንዳይዞር ሻንጣ በሚታሰርበት ጠፍር ከዋናው ብረት ጋር ጠፈረችው። መፍቻውን ሰካች፣ ቧንቧውን አጠለቀች፤ አሁን ወደ ፊተኛው ጎማ አዞረችው። ባሏን አየችው። ራሱን ወደ ታች ነቀነቀ፤ ልክ ነሽ። በሁለት እጇ ተጫነች። ምንም የለም። በጉልበቷ ተጫነች። ሳይክሉ ተንሸራተተ እንጂ ብሎኑ አልሰማትም። የእሷ ክብደት ክብደት አይደለም፤ መርፌ ያሏት በከንቱ አይደለም።

ቆማ ተነፈሰች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ ወንበሩን ከነባሏ ትጎትት ጀመር። የወንበሩ እግር ወለሉን እየቧጠጠ፣ እሱ በግራ እግሩ እየገፋ ሲያግዛት፣ መተላለፊያው ድረስ ደረሱ።

«ና ክፈት» አለችው።

ግራ እጁን ቧንቧው ላይ አስቀመጠ። እሷም ቀኝ እጁን ከጭኑ አንሥታ፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ዘርግታ፣ ቧንቧው ላይ አሳረፈችና በራሷ እጅ ሸፈነችው። ቀዝቃዛ ነበር። ያንን ሁሉ ክዳን የዘጋ እጅ አሁን ከመዳፏ ሥር እንደ ተኛ ሕፃን ዝም ብሏል።

«በል፣ አንድ ላይ።»

ተጫኑ። የእሱ ትንፋሽ አንገቷ ላይ ይሞቃል። ቧንቧው መጉበጥ የጀመረ መሰላት። ደግመው ተጫኑ፤ ያን ጊዜ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚጮኸው ቀው! አለ። መርፌ ብሎኑ የተሰበረ መስሏት ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጥ ቧንቧው ወርዷል፤ መፍቻውን በአንድ እጇ ስታዞረው ዞረ።

አጥብቄ ሳቀ። ቃላቱ ሲሄዱ ሳቁም አብሮ የሄደ መስሏት ነበር፤ ለካ ሳቁ ቤት ውስጥ ቀርቶ ኖሯል። ያው ሳቅ ነው፤ ከሆድ የሚነሣው፣ መጨረሻው ላይ ሳል የሚሆነው። እሷም ሳቀች፤ ሳቁ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረባት፤ ግንባሯን ትከሻው ላይ አድርጋ አለቀሰች። እሱ በግራ እጁ ፀጉሯን ዘይት በዘይት አደረገው።

ብሎኑን ፈታ ስትጨርስ መዳፏ ላይ አድርጋ ቆየች። ጥርሱ ላይ እሱ የቀባው ቅባት ጠቁሮ ደርቋል። ቀኝ እጁ ጤነኛ ሳለ በዚህ ቤት ካጠበቃቸው ነገሮች ሁሉ የመጨረሻው ይሄ ሳይሆን አይቀርም። ጠርሙሶቹ አንድ በአንድ ተከፍተው አልቀዋል። ለአንድ አፍታ መልሳ ብትሰካው፣ እንደ ነበረ ብትተወው ተመኘች። በኋላ ቀሚሷ ላይ ጠረገችውና ለባሏ ሰጠችው። እሱም አገላብጦ አየው፤ እንደ ባዕድ ሰው ሥራ።

የቀረው ቀላል ነበር። ክንዶቹን የሚስበው መሣሪያ ከቦርሳው ውስጥ ተገኘ፤ ኩሽኔታውን መንገዱ ጫፍ ያለው ጠጋኝ ቀየረው። ሲመልሱ ግን ብሎኖቹን ያጠበቀችው መርፌ ናት። ባሏ በእጁ «ጨምሪ፣ ጨምሪ» ይላታል።

«በቃ! ደግሞ የሚፈታበት ቀን ይመጣል» አለችው።

አማቹ ነገሩን ሲሰማ ራሱን ያዘ። «እማማ፣ ለካ አባባ የተቆጡት እኔን ነው እንዴ?»

«አንተን ነዋ፣ ማንን መሰለህ? አሁን ግን ታርቆሃል፤ አውቶብስህን እንዳትፈታ ብቻ አደራ ብሎሃል።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት መርፌ ወጣች። መጀመሪያ መሪው ወዲያ ወዲህ አለባት፤ ከእንጨት መጋዘኖቹ በኋላ ግን ሰውነቷ መንገዱን አስታወሰ። ሳይክሉ ድምፅ አያሰማም። የነጠላዋ ጫፍ ከኋላዋ ይርገበገባል። መታጠፊያ በደረሰች ቁጥር ፍጥነቷን ትቀንሳለች፤ ከኋላ የሚመጣ ጎማ እንደምትጠብቅ ሰው። የሚመጣ አልነበረም። አንዴ አንድ ሳይክል አለፋትና ልቧ ደነገጠ፤ ወጣት ነው፣ ጀርባው ላይ የእግር ኳስ ጫማ አንጠልጥሏል፣ ሳያያት ሄደ።

ድልድዩ ላይ ወርዳ ብረቱን ተደገፈች። ወንዙ ጎድሏል። የልብስ ማጠቢያ ድንጋዮቹ ሁሉ ወጥተዋል፤ ማዶ አዲስ ቀይ ጣሪያ ቤት ተሠርቷል። ሰው አገኛለሁ ብላ የመጣችበት ቦታ ላይ ማንንም አላገኘችም። ያየችውን ሁሉ ግን ለአንድ ሰው ለመናገር ከንፈሯ እንደሚያሳክካት ታወቃት። እዚያ ብዙ አልቆየችም።

ስትመለስ ልጅቷ በር ላይ ሳመቻትና ወደ ቤቷ ሄደች። መርፌ ነጠላዋን ሳታወልቅ ከባሏ ፊት ለፊት ተቀመጠች። ፊቷ በንፋስ ቀልቷል።

«መጋዘኖቹን ቀለም ቀብተዋቸዋል፤ አረንጓዴ፣ የሚያስጠላ አረንጓዴ» ብላ ጀመረች። «ቁልቁለቱ ላይ ፍሬን አልያዝኩም። ከዚያ መታጠፊያው... ታውቀዋለህ፣ አሸዋ ያለበት...»

አጥብቄ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ድልድዩን ነገረችው፤ የጎደለውን ውሃ፣ ቀዩን ጣሪያ። ወሬዋ ሊያልቅ ሲል ዝቅ ብላ አየች። የግራ እግሩ ነጠላ ጫማው ውስጥ ሆኖ ወለሉ ላይ ቀስ እያለ ይዞራል፤ ወደ ፊት፣ ወደ ታች፣ ወደ ኋላ፣ ወደ ላይ።

መርፌ ዝም ብትል እግሩም እንደሚቆም ገባት።

«ከዚያ» አለች፤ «ከዚያ ድልድዩን ተሻገርኩ።» አልተሻገረችም ነበር። «ማዶ ያለው መንገድ እንዴት ያለ ሜዳ መሰለህ። ግራና ቀኙ ዛፍ ነው...»

እግሩ ዞረ። እሷም መንገዱን ቀጠለችለት።